የሴቶች የልግስና ማኅበር፦ ከጅማ እናቶችና እኅቶች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በጅማ ከተማ ያሉ ሴቶች በየጊዜው ገንዘብ አዋጥተው፣ ያዋጡት ገንዘብ በከተማው ውስጥ ለሚሠራ የትኛው የበጎ አድራጎት ድርጅት እንደሚሰጥ በጋራ ስለሚወስኑበት ማኅበር ብዙ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። እንዲህ ባለ ማኅበር ውስጥ መጀመሪያ በጸሐፊነት፣ ኋላም በገንዘብ ያዥነት ስላገለገልኩ የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ። ጥያቄዎቹን ያሳጠርኳቸው ሐሳባቸውን ሳልነካ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የሁለት ዕድርና የአንድ ዕቁብ አባል ነኝ። ይህኛው ከእነዚያ በምን ይለያል? መዋጮ በመዋጮ ላይ መጨመር አይሆንም ወይ?

መልስ፦ ዕቁብ ያዋጣነውን በየተራ መልሶ ለራሳችን ይሰጠናል። ዕድር ደግሞ ሐዘን ሲደርስብን ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ ከጎናችን ይቆማል። ሁለቱም የቆሙት ለአባላቸው ነው። በልግስና ማኅበር ግን ያዋጣችው ሴት መልሳ የምትወስደው ነገር የለም፤ ገንዘቡ የሚሄደው ጧሪ ላጡ አረጋውያን ምግብ ለሚያበስል፣ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ለሚያስተምር ወይም ጎዳና ላይ ለወደቁ ሕፃናት መጠለያ ለሚሰጥ ድርጅት ነው። ይሁን እንጂ አሠራሩን በሙሉ የተማርነው ከዕድር ነው፤ የስም መዝገቡ፣ ቃለ ጉባኤው፣ የገንዘብ ያዥና የሰብሳቢ ሥራ መለየቱ ሁሉ እናቶቻችን ሲሠሩበት የኖሩት ነው። እናቴ፣ የዕድርዎን መዋጮ አጓድለው ወደዚህ እንዲያመጡ ግን ፈጽሞ አልመክርዎትም። የተረፈዎት ካለ ብቻ ይምጡ።

ጥያቄ፦ ይህ ነገር ከፈረንጅ የመጣ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አሁን የምናውቀውን ቅርጽ ይዞ ስም ያገኘው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዌንዲ ስቲል የተባለች ሴት በሲንሲናቲ ከተማ አንድ ማኅበር መሠረተች፤ ሐሳቡም መቶ ሴቶች እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር አዋጥተው፣ የተሰበሰበውን 100,000 ዶላር ሳይበታትኑ በአንድ ጊዜ ለበጎ ሥራ እንዲሰጡ ነው። በ2006 ደግሞ በሚሺጋን ግዛት፣ በጃክሰን ከተማ፣ ካረን ደኒጋን የተባለች ሴት ለችግረኛ እናቶች የሕፃናት አልጋ መግዣ ገንዘብ ባስፈለገ ጊዜ፣ መቶ ሴቶች አንድ አንድ መቶ ዶላር ቢሰጡ ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ ስብሰባ ጉዳዩ ያልቃል ብላ ወዳጆቿን ጠራች፤ በዚያ የመጀመሪያ ስብሰባም 12,800 ዶላር ተገኘ። ከእነርሱ የወሰድነው ዋና ነገር ብዙ ትንንሽ ስጦታዎችን አንድ ላይ አድርጎ ለአንድ ሥራ ማዋልን ነው። ተረዳድቶ መሥራቱን ግን ከውጭ አልተማርነውም፤ በጅማ ዙሪያ ያለው ገበሬ ዳዶና ዳቦ በሚባሉት የጋራ ሥራ ልማዶች ሲተራረስ፣ ሲያርምና ሲያጭድ ኖሯል።

ጥያቄ፦ በወር ስንት ብር ነው? እንደ እኔ ቡና ለቅማ የምታድር ሴት ከነጋዴ ሚስቶች ጋር ተቀምጣ ምን ትናገራለች?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በማንሳትሽ በጣም አመሰግንሻለሁ፤ እኛም የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነበርና። ስንጀምር መዋጮውን በወር 500 ብር አደረግነው። ከጥቂት ወራት በኋላ በቡና ማበጠሪያ መጋዘን የምትሠራ አንዲት አባላችን መምጣት አቆመች፤ ምክንያቱን ስንጠይቅም ታምሜ ነው እያለች ትመልስልን ነበር። ታማ እንዳልነበረች የገባን በጣም ዘግይቶ ነው። እርሷ ደግሞ ከሁላችንም ይልቅ የድሃን ቤት የምታውቅ ሴት ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ዝቅተኛው መዋጮ 50 ብር ሆነ። የበለጠ የምትችል የበለጠ ትሰጣለች፤ ማን ስንት እንደሰጠች የሚያውቁት ገንዘብ ያዧና የሒሳብ መርማሪዋ ብቻ ናቸው፤ በስብሰባ ላይም አይነበብም። ድምፅ ለሁሉም አንድ አንድ ነው። አርባ ሴቶች በወር 50 ብር ብቻ ቢያወጡ እንኳ በዓመት 24,000 ብር ይሆናል፤ ጥቂቶች ሲጨምሩበት ደግሞ ለትንሽ ድርጅት ቁም ነገር የሚሠራ ገንዘብ ነው። በአገራችን የብዙ ሴት እጅ ገንዘብ የሚያየው ቀይ እሸት በሚለቀምበት ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ፣ ክረምቱን በባዶ እጅ ከምትጨነቂ የዓመቱን ባንድ ጊዜ በታኅሣሥ መክፈል ይፈቀድልሻል። የምትናገሪውን ነገር በተመለከተ፣ እኅቴ፣ የምንሰማው ያጣን እንጂ የሚናገር ያጣን አይደለንም፤ ነይና ንገሪን።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ የሚሰጠውን ድርጅት የምትመርጡት እንዴት ነው? በትውውቅ አይሆንም?

መልስ፦ በትውውቅ እንዳይሆን በደንባችን ያሰፈርነው ነገር፣ ዘመዷ በድርጅቱ የሚሠራ ወይም ከድርጅቱ ጋር ንግድ ያላት አባል ይህንኑ ቀድማ እንድትናገርና ድምፅ ሲሰጥ ከክፍሉ እንድትወጣ ነው። ማንኛዋም አባል ድርጅት ልትጠቁም ትችላለች፤ ከተጠቆሙት ውስጥ ሦስቱ ይለዩና ሁለት ሁለት ሆነን ሄደን እናያቸዋለን፤ አንድ ጊዜ አስታውቀን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሳናስታውቅ። ከድርጅቶቹ ረጅም ማመልከቻ አንጠይቅም፤ ሥራቸውን በአንድ ገጽ፣ ጽሕፈት ለሚከብዳቸውም በቃል፣ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ ያስረዱናል። ሦስት ሠራተኛ ብቻ ያለው ድርጅት ለጥቂት ሺህ ብር ሲል ሃያ ገጽ እንዲጽፍ ማድረግ ከሥራው ላይ ጊዜ መስረቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስንሄድ ምን እንደምናይ ለጠየቃችሁኝ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ማእድ ቤቱን ነው። ቢሮ ለእንግዳ ሊጸዳ ይችላል፤ ማእድ ቤት ግን ድስቱ፣ የእንጨቱ ክምር፣ የውኃው በርሜልና የአብሳይዋ ፊት አብረው ይመሰክራሉ። ቀጥሎ መጸዳጃውን፣ ከዚያ የልጆቹን ወይም የአረጋውያኑን የመገኛ መዝገብ፣ በመጨረሻ ደግሞ የገቢና የወጪ ደብተሩን እናያለን። ደብተሩ በእርሳስ የተጻፈ መሆኑ አያስከፋኝም፤ ደረሰኝ አለመኖሩ ግን ያስከፋኛል። ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ላልተመረጡት ሁለቱ ድርጅቶች ራሳችን ሄደን ምክንያቱን እንነግራቸዋለን፤ ተስፋ ሰጥቶ ዝም ማለት ነውር ነውና።

ጥያቄ፦ በበዓል ዘይት፣ ዱቄትና ልብስ ይዘን ብንሄድ አይሻልም ወይ? ለቤት ኪራይና ለጥበቃ ደመወዝ ገንዘብ መስጠት ማባከን ይመስለኛል።

መልስ፦ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ በጣም የምፈልገው ይህን ነው። በፋሲካና በዒድ ሰሞን የእነዚህን ድርጅቶች ደጅ የሚረግጥ ሰው ብዙ ነው፤ በግ ይታረዳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ልብስ በከረጢት ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን፣ የጅማ ዝናብ ቀንና ሌሊት ሲወርድ፣ ጣሪያው ሲያፈስና ማገዶው ሲረጥብ፣ በዚያ በር የሚያልፍ የለም። አንድ ጊዜ ልናይ በሄድንበት የሕፃናት ማእከል ዕቃ ቤቱ እስከ ኮርኒሱ ድረስ በአሮጌ ልብስ ተሞልቶ አየን፤ ከልብሱም ብዙው ለአዋቂ የሚሆን ነበር። በዚያው ቀን ምግብ የምታበስለው ሴት ሦስት ወር ደመወዝ እንዳልተከፈላት ነገረችን። ልጆቹን የምታውቃቸው፣ የትኛው ወተት እንደማይስማማውና የትኛው ሌሊት እንደሚያለቅስ የምታውቀው እርሷ ናት። እርሷ ሥራውን ትታ ብትሄድ ያ ሁሉ ልብስ ለልጆቹ ምን ያደርግላቸዋል?

ስለዚህ የእኛ ማኅበር የሚሰጠው ሌላው ሰው ለማይሰጥበት ነገር ነው፤ ለኪራይ፣ ለመብራትና ለውኃ፣ ለአብሳይዋ፣ ለዘበኛው፣ ለሒሳብ ሠራተኛው። የቤት ኪራዩ ካልተከፈለ አከራዩ በሩን ይቆልፋል፤ ያን ጊዜ ዱቄቱም ልጆቹም ውጭ ናቸው። በእርግጥ ድርጅቱ ገንዘቡን ሁሉ በቢሮ ላይ እንዳያጠፋ ሕጉም ገደብ አለው፤ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ገቢ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ይህን እንጠይቃለን፣ ደብተሩንም እናያለን። ነገር ግን ልጅ የምታጥብ፣ የምታበላና የምታስተምር ሴትን ደመወዝ እንደ ቢሮ ወጪ መቁጠር ስሕተት ነው፤ የድርጅቱ ዋና ሥራ እርሷ የምትሠራው ነውና።

ሌላም ልጨምር። አንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት ሁለት ዓመት ሳያቋርጡ መጠነኛ መስጠት ይበልጣል። የሚቀጥለው ዓመት ኪራይ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ አስተዳዳሪ ሌሊት ይተኛል፤ ቀን ደግሞ ገንዘብ ፍለጋ ከመዞር ከልጆቹ ጋር ይውላል። ለበዓል በግ ይዞ መሄድ ለምትወድ ሴት፣ ሂጂ፣ እጅሽ ይባረክ፤ የማኅበሩን ገንዘብ ግን ለክረምቱ ተዪው።

ጥያቄ፦ ማኅበሩ በሕግ መመዝገብ አለበት? ገንዘቡስ የት ይቀመጣል?

መልስ፦ ከላይ የጠቀስኩት፣ የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 621/2001 የተካው ሕግ ዕድርንና ዕቁብን የመሰሉ ባህላዊ ስብስቦችን አይመለከትም። ስለዚህ ጎረቤታሞች ከራሳቸው ኪስ አዋጥተው ለተመዘገበ ድርጅት ቢሰጡ እንደ ዕድር ሆነው መኖር ይችላሉ። ከሕዝብ ገንዘብ ልትሰበስቡ፣ ሠራተኛ ልትቀጥሩ ወይም ከውጭ አገር ርዳታ ልትቀበሉ ካሰባችሁ ግን ቀድማችሁ የሚመለከተውን የክልሉን ጽሕፈት ቤት አነጋግሩና ተመዝገቡ። ገንዘቡን በተመለከተ በአንዲት ሴት የግል ሒሳብ ወይም ቴሌብር በፍጹም አይቀመጥ፤ ሴትዮዋ መልአክ ብትሆን እንኳ። በባንክ የሦስት ሰዎች ፊርማ አስመዝግቡ፤ ያለ ሁለቱ ፊርማ አይውጣ።

ጥያቄ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ። ዘካዬን በዚህ ማኅበር በኩል ማውጣት እችላለሁ?

መልስ፦ በማኅበራችን ሙስሊሟም ክርስቲያኗም አብረን ስለምንሰጥ ይህን በጥንቃቄ አስበንበታል። ዘካ በቅዱስ ቁርኣን ለተዘረዘሩ ስምንት ወገኖች የሚሰጥ ግዴታ ነው፤ ከእኛ የጋራ ገንዘብ ደግሞ የመብራት ሒሳብም የዘበኛ ደመወዝም ይከፈላል። በዚህ ምክንያት ሙስሊም አባሎቻችን ወደ ማኅበሩ የሚያስገቡት እንደ ሶደቃ፣ ማለትም በፈቃድ እንደሚሰጥ ምጽዋት ነው፤ ዘካቸውን ለብቻው ያወጣሉ። አንቺም ዘካሽን ለብቻ አውጪ፤ የምትጠራጠሪው ነገር ካለም ዓሊሞችን ጠይቂ እንጂ የእኔን ቃል እንደ ብይን አትውሰጂው።

ጥያቄ፦ ወንዶች ለምን አይገቡም?

መልስ፦ ገንዘብ ቢሰጡ እንቀበላለን። የመወሰኑን ወንበር ግን ለሴቶች ጠብቀነዋል፤ በብዙ ስብሰባ ሴቶች ቡናውን አፍልተን ውሳኔውን ከበር እንሰማ ነበርና።

ጥያቄ፦ የሰጣችሁት ገንዘብ ባክኖባችሁ ያውቃል? እውነቱን ንገሩን።

መልስ፦ አዎን፣ አንድ ጊዜ። የዓመቱን ገንዘብ በሙሉ ባንድ ቀን ለአንድ ድርጅት ሰጠን፤ ለልጆች ምግብ የታሰበው ለቆየ ዕዳ ተከፈለ፤ በሦስተኛው ወር ስንሄድ ልጆቹ በቀን አንድ ጊዜ እየበሉ አገኘናቸው። አስተዳዳሪው ለራሱ አልወሰደም፤ አበዳሪው አስጨንቆት ነው። ዕዳ እንዳለበት ሳንጠይቅ መስጠታችን ግን የእኛ ጥፋት ነበር። ነገሩን ሳንሸፍን ለአባላት በሙሉ ነገርናቸው፤ ሦስት ሴቶች አዝነው ለቀቁ፤ ከእነርሱም አንዷ እጅግ የማከብራት ሴት ስለነበረች እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ በዓመት ሦስት ጊዜ ከፍለን እንሰጣለን፤ የሚቀጥለውን ክፍያ የምንለቅቀው የቀደመው ደረሰኝ ሲቀርብ ነው፤ ስንጎበኝም ያለባቸውን ዕዳ በግልጽ እንጠይቃለን። ለዚያ ድርጅትም በዓመቱ መልሰን ሰጠነው፤ አባላት ብዙ ተከራክረው በድምፅ የወሰኑት ነው፤ ልጆቹ ያጠፉት ነገር አልነበረምና።

ጥያቄ፦ ስትሰጡ ከልጆቹ ጋር ፎቶ ትነሳላችሁ? አባላት ማየት ይፈልጋሉ።

መልስ፦ አንነሳም። ያ ልጅ ነገ አድጎ በሄርማታ ገበያ ከእኛ ጋር ሲገበያይ፣ ዘይት ተሸክሞ ከሴቶች መካከል የቆመበት ፎቶ በሰው ስልክ ውስጥ እንዲኖር አንፈልግም። ማየት የፈለገች አባል ተራዋን ይዛ በጉብኝቱ ትሂድ፤ ለሚቀጥለው ጉብኝት ሁለት ቦታ አለ፤ በነሐሴ ስለሆነ ጃንጥላና የጭቃ ጫማ ይዛችሁ ኑ።