ሾጣጣው ቤቴ ሳይደርስ አልቋል፤ ልተኛ?

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ ከሞቃታማ ውቅያኖስ ተነሥቶ ወደ የብስ የሚገሰግስ አውሎ ነፋስ መንገዱ እንዴት ይከታተሉታል? ትንበያውስ እስከ የት ይታመናል? ተመሳሳዮቹን አጣምረን መልሰናል። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የአውሎ ነፋሱን መንገድ ሲተነብዩ ቴሌቪዥን ላይ የሚያሳዩት ነጭ ሾጣጣ እኔ ካለሁበት ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ያበቃል። ከአደጋው ውጪ ነኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደሉም። ሾጣጣው የሚናገረው ስለ አውሎ ነፋሱ ማዕከል ብቻ ነው። ነፋሱ፣ ዝናቡና የባሕሩ ሙላት እስከ የት እንደሚደርሱ አያሳይም። አሠራሩን ካወቁ ነገሩ ይገለጥልዎታል። ማያሚ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የሀሪኬን (ከባድ የሞቃታማ ውቅያኖስ አውሎ ነፋስ) ማዕከል ያለፉትን 5 ዓመታት ትንበያዎች የአውሎ ነፋሶቹ ማዕከል በእርግጥ ከሄደበት መንገድ ጋር ያስተያይና ስሕተቱን በኪሎ ሜትር ይለካል። ቀጥሎም ለ12፣ ለ24፣ ለ36 እያለ እስከ 120 ሰዓት ድረስ፣ ከ3 ስሕተቶች 2ቱን የሚያቅፍ ክብ ይሠራል። የክቦቹ ጠርዝ ሲያያዝ ሾጣጣው ይወጣል። በ2023 ለአትላንቲክ የተሠራበት የክቡ ሬዲየስ ለ24 ሰዓት 72 ኪሎ ሜትር፣ ለ72 ሰዓት 183፣ ለ120 ሰዓት ደግሞ 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር።

እንግዲህ ከ3 አንዱን ጊዜ ማዕከሉ ራሱ ከክቡ ውጪ ይገኛል፤ ይህም ትንበያው ተሳሳተ የሚያሰኝ ሳይሆን ከመጀመሪያው የተጠበቀ ነው። ሌላም አለ። የክቦቹ ልክ ለወቅቱ በሙሉ አንድ ነው። ባለሙያዎቹ የሚተማመኑበት አውሎ ነፋስም፣ ግራ ያጋባቸውም እኩል ክብ ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ሾጣጣው አነስ ብሎ ሲያዩ «ዛሬ እርግጠኛ ሆነዋል» ብለው አይደምድሙ፤ ያነሰው አውሎ ነፋሱ በዝግታ ስለሚጓዝ ክቦቹ ተደራርበው ሊሆን ይችላል። የልባቸውን የሚናገሩት ከመግለጫው ጋር በሚወጣው የጽሑፍ ማብራሪያ ነው። ብዙ ሰው ካርታውን አይቶ ጽሑፉን ያልፈዋል፤ እኛ ብንጠየቅ ግን የምንመክረው ተቃራኒውን ነው።

ሾጣጣው ከሚጎድለው ነገር ሁሉ የከፋው የባሕር ዳርቻውን አቅጣጫ አለማገናዘቡ ነው። አውሎ ነፋሱ ዳርቻውን ፊት ለፊት ከመታ፣ መንገዱ በ50 ኪሎ ሜትር ቢዛነፍ የሚገባበት ቦታም በ50 ኪሎ ሜትር ይዛነፋል። ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ሊሄድ ጥቂት ሲቀረው፣ ለምሳሌ በ20 ዲግሪ ማዕዘን ከተጠጋ ግን፣ ያው የ50 ኪሎ ሜትር መዛነፍ የሚገባበትን ቦታ ወደ 146 ኪሎ ሜትር ያርቀዋል። ፍሎሪዳ ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ በሀሪኬን ኢያን የሆነው ይህ ነው። ቀደም ያሉ ትንበያዎች መካከለኛ መስመራቸው ወደ ታምፓ ከተማ አካባቢና ከዚያም ወደ ሰሜን ያመለክት ነበር። ሴፕቴምበር 28 ቀን 2022፣ ዓይኑ (መካከሉ ላይ ያለው ጸጥ ያለ ክፍል) ወደ የብስ የገባው ግን ከታምፓ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ በካዮ ኮስታ ደሴት ላይ ነው። ፎርት ማየርስ ቢች ላይ ውሃው ከመሬት በላይ ከ3 እስከ 4.5 ሜትር ሲደርስ፣ ታምፓ ላይ ደግሞ ከየብስ የሚነፍሰው ነፋስ ውሃውን ከባሕር ሰላጤው ጠርጎ አወጣው። በ2004 ሀሪኬን ቻርሊም በዚሁ ዳርቻ ታምፓ ሲጠብቀው ቀድሞ ወደ ቀኝ ታጥፎ ፑንታ ጎርዳ ከተማን መታ።

ከሾጣጣው ይልቅ ሁለት ካርታዎችን ይፈልጉ። አንዱ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ነፋስ እርስዎ ዘንድ የመድረስ ዕድሉን በመቶኛ የሚያሳየው ነው። ሌላው ያ ነፋስ ሊደርስ የሚችልበትን ሰዓት የሚሰጠው ነው፤ «የመጀመሪያው ተገቢ ሰዓት» የሚባለው፣ ነፋሱ ከዚያ ሰዓት ቀድሞ የመድረስ ዕድሉ ከ10 አንድ የሆነበት ነው። የመስኮት ጣውላ ተመትቶ፣ ነዳጅ ተሞልቶ መንገድ መያዝ ያለበት ከዚያ ሰዓት በፊት ነው።

ጥያቄ፦ ካርታው ሁልጊዜ አይከፈትልኝም። የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሮቹን ብቻ ይዤ ርቀቱን ራሴ ማስላት እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ወረቀትና ካልኩሌተር ይበቃል። በመጀመሪያ የአካባቢዎን ኃላፊ የትንበያ ማዕከል ይለዩ፦ ለአትላንቲክና ለምሥራቅ ፓሲፊክ ማያሚ፣ ለሰሜን ምዕራብ ፓሲፊክ ቶኪዮ፣ ለሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ኒው ዴልሂ፣ ለደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ሬዩኒየን ደሴት። የማያሚው መደበኛ መግለጫ በየ6 ሰዓቱ፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት 03፣ 09፣ 15 እና 21 ላይ ይወጣል። ዳርቻው ማስጠንቀቂያ ውስጥ ሲገባ በመካከላቸውም ይጨመራል።

ከእያንዳንዱ መግለጫ ስድስት ነገር ይጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ኬክሮሱን፣ ኬንትሮሱን፣ የሚጓዝበትን አቅጣጫና ፍጥነት፣ የማዕከሉን ግፊት፣ የ63 ኪሎ ሜትሩ ነፋስ ከማዕከሉ የሚዘረጋበትን ርቀት። የመጨረሻው በአራቱም ማዕዘን የተለያየ ስለሆነ ወደ እርስዎ የሚመለከተውን ይውሰዱ።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። እርስዎ በ18.5 ሰሜን፣ 66.0 ምዕራብ ላይ ነዎት እንበል። የአውሎ ነፋሱ ማዕከል በ15.5 ሰሜን፣ 61.5 ምዕራብ ላይ ሆኖ ወደ እርስዎ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየመጣ ነው። የኬክሮሱ ልዩነት 3 ዲግሪ ነው፤ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 333 ይሆናል። የኬንትሮሱ ልዩነት 4.5 ነው። የኬንትሮስ ዲግሪ ግን ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር ያጥራል፤ 111ን በመካከለኛው ኬክሮስ ኮሳይን ያብዙት። በ17 ዲግሪ 106 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ በ4.5 ሲባዛ 477 ነው። የሁለቱን ካሬ ደምረው ስኩዌር ሩቱን ሲያወጡ 580 ኪሎ ሜትር ገደማ ያገኛሉ። ለ20 ቢካፈል 29 ሰዓት።

29 ሰዓት አለኝ ብለው ግን እንዳይቀመጡ። የ63 ኪሎ ሜትሩ ነፋስ ከማዕከሉ 200 ኪሎ ሜትር ፊት ፊት የሚሄድ ከሆነ የቀረው 380 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማለትም 19 ሰዓት። ጣሪያ ላይ የሚወጣም ሆነ መሰላል የሚይዝ ሰው ከዚያ በኋላ ሥራ መሥራት አይችልም። የአሜሪካ የሀሪኬን ማስጠንቀቂያም የሚቆጠረው ማዕከሉ ከሚደርስበት ሳይሆን ይህ ነፋስ ከሚጀምርበት ሰዓት ነው፦ የመጀመሪያው ደረጃ፣ ዋች የሚባለው፣ 48 ሰዓት ሲቀረው፣ ዋርኒንጉ ደግሞ 36 ሰዓት ሲቀረው።

ስሌቱ የሚበላሸው ባብዛኛው በአሃድ ነው። የባሕር ማይልና ኖት (በሰዓት አንድ የባሕር ማይል) ሲያዩ በ1.852 አባዝተው ወደ ኪሎ ሜትር ይለውጡ። የተለያዩ ማዕከሎች የነፋስ ፍጥነት ሲያወዳድሩ ደግሞ ማያሚ የ1 ደቂቃ፣ ኒው ዴልሂ የ3 ደቂቃ፣ ቶኪዮና ሬዩኒየን የ10 ደቂቃ አማካይ እንደሚጠቀሙ አይርሱ። ያው አንዱ አውሎ ነፋስ በ1 ደቂቃ ሲለካ ከ10 ደቂቃው ከ7 እስከ 14 በመቶ ያህል በልጦ ይታያል፤ «አንዱ ማዕከል ይደብቃል» የሚለው ወሬ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከዚሁ ነው። ሌላው ወጥመድ በሳተላይት ምስል ላይ ዓይኑ ለአንድ ሁለት ሰዓት ወደ ጎን ሲል አይቶ «መንገዱን ቀየረ» ማለት ነው። ዓይን እየተወላገደ ይሄዳል። አቅጣጫውን ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ርዝመት እንጂ ከዚያ ባጠረ አይፍረዱ።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ እንደ ፓስታ የተተራመሱ ብዙ መስመሮች ያሉበት ካርታ አለ። የትኛውን መስመር ልመን?

መልስ፦ አንዱን ብቻ ነጥለው አይመኑ፤ ሁሉንም ደግሞ እኩል አይቁጠሩ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ሞዴል፣ ማለትም አንድ የኮምፒውተር ስሌት፣ የገመተው መንገድ ነው። ከመስመሮቹ አንዳንዶቹ የከባቢ አየሩን ሁኔታ ፈጽሞ አያውቁም። ክላይፐር የሚባለው ለምሳሌ አውሎ ነፋሱ እስካሁን ከሄደበትና ያለፉት ዘመናት አውሎ ነፋሶች ከሄዱበት ተነሥቶ ብቻ የሚገምት ነው፤ የሌሎቹን ብቃት ለመመዘኛ እንጂ ለትንበያ አይውልም። ሚዛን ያላቸው እንደ አሜሪካው ጂኤፍኤስና የአውሮፓው ሞዴል ያሉ ዓለም አቀፍ ሞዴሎች ናቸው። እነዚህም መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጡ ደጋግመው ይሠራሉ፤ አሜሪካው 31፣ አውሮፓው 51 መስመር ያወጣል። ስርጭቱን ያዩ ዘንድ የሚጠቅምዎ ይህ ነው። የጥሩ ሞዴሎች አማካይ ለብዙ ጊዜ ሲመዘን ከእያንዳንዳቸው ይሻላል።

አማካይ የሚከዳበት ጊዜም አለ። መስመሮቹ ለሁለት ተከፍለው ግማሹ ወደ የብስ፣ ግማሹ ወደ ባሕር ሲሄድ መካከሉን አይያዙ፤ አውሎ ነፋሱ ሊሄድበት ዕድሉ ጥቂት የሆነው መንገድ እሱ ሊሆን ይችላል። በ2015 በሀሪኬን ዋኪን ጊዜ ብዙዎቹ ሞዴሎች ወደ አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሲጎትቱት የአውሮፓው ግን ባሕር ላይ አስቀረው፤ እውነትም ባሕር ላይ ቀረ። ይህን ይዞ «የአውሮፓው ሁሌ ልክ ነው» የሚል አለ፤ አይደለም፣ እሱም ይስታል። ከ7 ቀን በላይ የሆነ ነጠላ መስመር እያነሡ ከተማ ስም የሚጠሩትን ግን አይስሟቸው።

ጥያቄ፦ ትንበያው በየመግለጫው የሚለዋወጠው ለምንድን ነው?

መልስ፦ አውሎ ነፋስ ራሱን አይነዳም፤ በዙሪያው ያለው ሰፊ የአየር ፍሰት እንደ ወንዝ ላይ ቡሽ ይወስደዋል። ከሐሩር ክልል ከፍ ብሎ የተቀመጠው ከፍተኛ ግፊት በጠርዙ ወደ ምዕራብ ይገፋዋል፤ ከምዕራብ የሚመጣ ዝቅተኛ ግፊት ያንን ግፊት ሲሰብረው ወደ ምድር ዋልታ ይታጠፋል። የሚታጠፍበት ሰዓት በ6 ሰዓት ቢሳት፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ኃይሉም መንገዱን ይወስናል፦ ደካማው ዝቅ ብሎ በሚነፍሰው አየር ሲነዳ፣ የበረታው ረጅም ስለሆነ ከፍ ባለውም ይነዳል። ስለዚህ የኃይሉ ትንበያ ሲሳት መንገዱም ይሳታል። ገፊው ኃይል ሁሉ ሲላላ ደግሞ ይቆማል፤ በ2019 ሀሪኬን ዶሪያን ግራንድ ባሃማ ደሴት ላይ ከአንድ ቀን በላይ እንደቆመው። ገና ባልተደራጀ አውሎ ነፋስ ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ማዕከሉ ከነጎድጓዱ ሥር አዲስ ቦታ ሊፈጠር ይችላልና ሁሉም ሞዴሎች መነሻቸውን እንደገና ይይዛሉ። የአሳሽ አውሮፕላን መረጃ ሲገባ ትንበያው ብድግ ብሎ የሚዛወረውም በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ስልኩና መብራቱ ከተቋረጠ ማዕከሉ ወዴት እንዳለ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ሰሜን ንፍቀ ክበብ ላይ ከሆኑ፣ ሕንጻ በማይከልለው ቦታ ለነፋሱ ጀርባ ይስጡ፤ ማዕከሉ በግራዎ በኩል ነው። በደቡብ ንፍቀ ክበብ በቀኝ ይሆናል። ይህን ነፋሱ ገና ሳይበረታ ያድርጉት፤ በኋላ ከቤት ውስጥ ሆነው ዛፉ የሚጎነበስበትን ማየት ይበቃል። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ነፋሱ የሚመጣበት አቅጣጫ በሰዓት ቆጣሪ ዙር ከዞረ፣ ለምሳሌ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ምሥራቅ፣ ከመንገዱ በስተ ቀኝ ነዎት፤ ነፋሱ የሚበረታው፣ ባሕሩም የሚገፋው በዚያ ጎን ነው። በተቃራኒው ከዞረ በስተ ግራ ነዎት። አቅጣጫው ሳይለወጥ ግፊቱ ከወረደ ግን ማዕከሉ ወደ እርስዎ እየመጣ ነው።

ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ካለ በየሰዓቱ ይመዝግቡ። በሐሩር ክልል ግፊት በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ማለት ልማዱ ስለሆነ ትንሹን ለውጥ አይፍሩት፤ ያንን ቀንሰው ከወቅቱ አማካይ 3 ሄክቶፓስካል ከወረደ ይጠርጥሩ፣ 5 ከወረደ አውሎ ነፋስ በአካባቢው ስለመኖሩ ብዙም አይጠራጠሩ። ነፋሱ ድንገት ጸጥ ካለ ዓይኑ ውስጥ ነዎት፤ ዓይኑን ከከበበው የደመና ግድግዳ ሌላኛው ጎን የሚመጣው ነፋስ ከቀድሞው በተቃራኒ አቅጣጫ ነውና የተጠለሉበትን ክፍል አይልቀቁ።

ጥያቄ፦ «ምድብ 1 ብቻ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ቤቴ ዳርቻው ላይ ነው፤ ልቆይ?

መልስ፦ ምድቡ ከ1 እስከ 5 ያለው የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ነው፤ ስለ ውሃ ምንም አይልም። በአሜሪካ ከ1963 እስከ 2012 ከአትላንቲክ አውሎ ነፋሶች በቀጥታ ከሞቱት ሰዎች ከ10 ዘጠኝ ያህሉ የሞቱት በውሃ ነው፤ ግማሽ ያህሉ በባሕር ሙላት፣ ከሩብ በላዩ በዝናብ ጎርፍ። ምድቡም በአንድ ሌሊት ይለወጣል። በኦክቶበር 2023 ሀሪኬን ኦቲስ ከምድብ 1 በታች ካለው ሞቃታማ አውሎ ነፋስነት ወደ ምድብ 5 የደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ነበር፤ የገባው ሜክሲኮ ውስጥ አካፑልኮ ከተማ አጠገብ ነው፣ ሞዴሎቹም ይህን አላዩትም። ስለዚህ የአካባቢዎ የመልቀቂያ ዞን ካርታ ላይ ቤትዎ በየትኛው ፊደል ወይም ቁጥር እንዳለ አሁኑኑ ይመልከቱ፤ ዞንዎ ሲጠራ ምድቡ ስንት ይሁን ስንት ይውጡ። የሚሄዱበት ከባሕሩ ውሃ በላይ የሆነ ቦታ እስከሆነ ድረስ ርቀቱ ብዙ መሆን የለበትም።