«እሱ እኮ እንደነሱ አይደለም» ማለትሽን አቁሚ

የጠያቂዋ ደብዳቤ ረጅም ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ብቻ አስቀምጣለሁ። ዕድሜዋ 28 ነው። ልታገባው ያሰበችው ወጣት ኤሌክትሪሺያን ሲሆን፣ ለሥራ ፍለጋ ከሌላ አካባቢ ከመጡና በሚኖሩበት ቦታ ዝቅ ተደርገው ከሚታዩ ሰዎች ወገን ነው። አባቷ በአንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ለ22 ዓመት ሠርተው የዛሬ 3 ዓመት ተሰናብተዋል። የድርጅቱ ባለቤት ነባሮቹን አስወጥቶ በግማሽ ደመወዝ የቀጠረው ከእነዚሁ አዲስ ገቢዎች ነው። አባት ከዚያ ወዲህ «ከአፋችን ነጠቁን» ማለት ጀምረዋል።

«አንድ ቀን ቤት ይዤው ሄድኩ» ትላለች። «አባቴ ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ላይ ሳያነሳ የጣቱን ጫፍ ሰጠው። ከሄደ በኋላ ‹አፉን የማይከፍት፣ ውስጡ የማይታወቅ ሰው ነው› አለኝ። እኔም ‹እሱ እኮ እንደነሱ አይደለም፣ ጨዋ ነው፣ የተማረ ነው› እያልኩ ስለምነው አመሸሁ። እናቴ ደግሞ ‹እኔስ ምንም የለብኝ፣ ሰው ምን ይለናል ብዬ ነው እንጂ› ትላለች። አባቴን እንዴት አድርጌ ነው የማሳምነው?»

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ተመልሼ ያነበብኩት አንቺ እግረ መንገድሽን ጣል ያደረግሻትን አንዲት ነገር ነው። አባትሽ ሥራ ላይ ሳሉ ከእነዚሁ ሰዎች መካከል አንድ ባልደረባ ነበራቸው፤ ታሞ በተኛ ጊዜ አንቺን አስከትለው ሊጠይቁት ሄደው ነበር። እንግዲህ ጥላቻቸው ከልጅነት ጀምሮ አብሯቸው የኖረ አይደለም። መቼ እንደጀመረ ቀኑ ይታወቃል፤ የመሰናበቻው ደብዳቤ እጃቸው ከገባ በኋላ ነው። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። የምንነጋገረው ስለ አንድ ክፉ ሰው ጠባይ ሳይሆን ስለ አንድ ጉዳት መሆኑን ልብ እንድትይልኝ ነው።

የሶሺዮሎጂ ተመራማሪዋ ኤድና ቦናሲች በ1972 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያቀረበችው ማብራሪያ አለ። ለአንድ ዓይነት ሥራ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ በሁለት ዓይነት ዋጋ ሲገኝ ቀጣሪው ርካሹን ይፈልጋል፤ የተሻለ የሚከፈለው ደግሞ ቦታዬን ላጣ ነው ብሎ ይፈራል። ርካሹ በርካሽ የሚሠራው ወዶ አይደለም። ባዶ እጁን ስለመጣ፣ የሚከራከርለት ማኅበር ስለሌለው፣ ዛሬን ማደር ስላለበት ነው። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያሉት ሦስት ወገኖች ናቸው፤ ጠቡ ግን ብዙ ጊዜ በሁለቱ ሠራተኞች መካከል ይቀርና ደመወዙን የቆረጠው ሦስተኛው ይረሳል። አንቺም በሦስት ገጽ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ድርጅቱ ባለቤት የጻፍሽው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ባለቤቱን አባትሽ በየቀኑ አያገኙትም፤ አዲሶቹን ሠራተኞች ግን በየመንገዱ ያያሉ። በዚያ ላይ አቅም ባለው ሰው ላይ መቆጣት መዘዝ አለው፤ አቅም በሌለው ላይ መቆጣትን የሚጠይቅ የለም። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ። 22 ዓመት ያገለገለ ሰው «በግማሽ ዋጋ ተለወጥኩ» ብሎ ከሚያምን «ተነጠቅኩ» ቢል ይቀለዋል። የተነጠቀ ሰው ቢያንስ ክብሩ አብሮት ይቀራል።

ሌላ የእንጨት ሥራ ድርጅት አባትሽን በአሠልጣኝነት ሊቀጥራቸው ፈልጎ «ከእነሱ እኩል ተከፍዬ አልሠራም» ብለው እምቢ አሉ ብለሽ ተገርመሻል። እኔ አልገረመኝም። ሄንሪ ታይፌል የተባለው ሳይኮሎጂስት በ1970 ያሳተመው ሙከራ ትዝ አለኝ። የ14 እና የ15 ዓመት ተማሪዎችን ብሪስቶል ውስጥ እዚህ ግባ በማይባል ምክንያት ለሁለት ከፈላቸው፤ ለምሳሌ የትኛውን ሥዕል ትመርጣላችሁ ብሎ። ልጆቹ አብሯቸው ማን እንደተመደበ እንኳ አያውቁም ነበር። ገንዘብ አከፋፍሉ ሲባሉ ለራሳቸው ቡድን አዳሉ፤ ይህ ብዙም አይደንቅም። የሚያስደንቀው ብዙዎቹ የራሳቸው ቡድን በጠቅላላው ያነሰ ቢያገኝም እንኳ ከሌላው እስከበለጠ ድረስ መምረጣቸው ነው። ታይፌል ይህን ጉዳይ ከመጽሐፍ ብቻ አልተማረውም፤ ፖላንዳዊ አይሁዳዊ ነበር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመለስ ቤተሰቡን አላገኘም። አባትሽም ያጡት ደመወዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራውን ይቀበሉ ነበር። ያጡት «እኔ ከእነዚያ እበልጣለሁ» የሚሉበትን ደረጃ ጭምር ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፤ ትንሽ ሊከፋሽ ይችላል። «እሱ እኮ እንደነሱ አይደለም» ስትዪ ለማን እየተሟገትሽ ነው? ይህ አነጋገር አባትሽ ስለ «እነሱ» የሚሉትን ሁሉ እንዳለ ይቀበልና አንድ ሰው ብቻ አውጡልኝ ብሎ ይለምናል። አባትሽ ቢሸነፉልሽ እንኳ ጥላቻው አይነካም። እጮኛሽ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከወገኖቹ የተለየ መሆኑን ሲያስመሰክር ሊኖር ነው። አንድ ቀን ቢቆጣ ወይም ብድር መመለስ ቢያቅተው «አላልኩሽም? ያው ናቸው» ይባላል። እናቱና እኅቶቹ ለሠርጉ ሲመጡስ ምን ልትዪ ነው? እነሱም እንደነሱ አይደሉም ልትዪ?

«አፉን የማይከፍት» ስለተባለውም አንድ ነገር ልንገርሽ። ዎርድ፣ ዛናና ኩፐር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1974 አሜሪካ ውስጥ ባወጡት ጥናት ነጭ ጠያቂዎች ጥቁር ሥራ ፈላጊዎችን ሲያነጋግሩ ራቅ ብለው እንደሚቀመጡ፣ ንግግራቸው እንደሚደነቃቀፍ፣ ቃለ መጠይቁንም ቶሎ እንደሚቋጩት ታዘቡ። ከዚያ ነገሩን ገልብጠው፣ የሠለጠኑ ጠያቂዎች ነጭ ሥራ ፈላጊዎችን በዚያው በቀዘቀዘ መንገድ እንዲያነጋግሯቸው አደረጉ። ነጮቹም ተጨነቁ፣ መልሳቸው ደከመ። የጣት ጫፍ የተሰጠው ሰው ምን ብሎ ይጫወት? አባትሽ በዚያ ምሽት ያዩት የእጮኛሽን ጠባይ ሳይሆን የራሳቸውን አቀባበል ነበር።

እናትሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። ጥላቻ የላቸውም፤ ጎረቤትን ነው የሚፈሩት። እንደዚህ ያለ ሰው መጀመሪያ ደፍሮ የሚራመድ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ከቤተ ዘመድ የሚከበሩ አንድ ሰው ለብቻቸው አነጋግሪ፤ እሳቸው አንድ ቀን ቤታችሁ መጥተው እጮኛሽን በደንብ ሰላም ካሉት የእናትሽ ፍርሃት ግማሹ ይቀላል።

«አንድ ላይ ማዕድ ቢቀርቡ ይግባቡ ይሆን?» ብለሻል። በዚህ አልተማመንም። በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ ሳይኮሎጂስት አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ 22 የ11 ዓመት አካባቢ ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍሎ ሽልማት ባለው ውድድር አፋጠጣቸው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባንዲራ እስከ መቃጠል ደረሱ። ለማስታረቅ አብረው እንዲበሉ ሲደረጉ ምግብ ተወራወሩ። የበረዱት የሁለቱም ውኃ ሲቋረጥና መኪና ተበላሸ ተብሎ አንድ ገመድ አብረው ሲጎትቱ ነው። በዚያው ዓመት ሌላው ሳይኮሎጂስት ጎርደን ኦልፖርትም መቀራረብ ጥላቻን የሚያበርደው ሰዎቹ በእኩል ደረጃ ሲገናኙ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ሲተባበሩና የሚከበር አካል ሲደግፋቸው ነው ብሎ ጽፏል። ሳሎን ውስጥ አንዱ መርማሪ ሌላው ተመርማሪ ሆኖ መቀመጥ ከእነዚህ አንዱንም አያሟላም።

እናንተ የምትገቡበትን ቤት እያደሳችሁ ነው ብለሻል። አባትሽ እንጨት ያውቃሉ፤ እጮኛሽ ኤሌክትሪክ ያውቃል። ቁም ሳጥንና መደርደሪያ የሚሠራበት ግድግዳ ሽቦ የሚያልፍበት ግድግዳ ነው፤ ሳይነጋገሩ ሊሠሩት አይችሉም። አባትሽን ለምኚያቸው፤ ስለ ጋብቻው ሳይሆን ስለ መደርደሪያው። ለ3 ዓመት እጃቸውን የፈለገ ሰው የለም። መጀመሪያ ግን እጮኛሽን ጠይቂው። «አልችልም፣ በቃኝ» ካለ አታስገድጂው፤ አባትሽን ማስተማር የእሱ ሥራ አይደለም።

ከዚያ በፊት አባትሽን ለብቻቸው አግኝተሽ የተሰናበቱበትን ቀን ጠይቂያቸው። ማን ጠርቶ ነገራቸው? ዕቃቸውን እንዴት ሰበሰቡ? ቤት ሲገቡ ለምን አልተናገሩም? አትከራከሪ፣ አታርሚ። «ባለቤቱ ምን አለህ?» የሚለውን ግን ሳትጠይቂ አትነሺ። በሌላ በኩል ማዘንሽ ሁሉን መሸከም እንዳይሆንብሽ። በእጮኛሽ ፊት ስለ ወገኖቹ የሚሰደብ ስድብ ካለ ድምፅሽን ከፍ ሳታደርጊ «እንሂድ» ብለሽ ተነሺ። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ እንደዚያው አድርጊ።

አባትሽ «ሠርጉ ላይ አልገኝም» ማለታቸውን እንደ መጨረሻ ቃል አትውሰጂው። ሪቻርድ ላፒየር የተባለ ሶሺዮሎጂስት በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በቻይናውያን ላይ ጥላቻ በበረታበት ጊዜ፣ ከአንድ ቻይናዊና ከባለቤቱ ጋር አሜሪካን ዞሮ 251 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ገባ፤ የተከለከሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ቆይቶ ለእነዚያው ቦታዎች «ቻይናዊ ትቀበላላችሁ?» ብሎ በደብዳቤ ሲጠይቅ ከመለሱት ከ90 በመቶ በላይ አንቀበልም አሉ። ሰው ከሩቅ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስና በሩ ላይ ለቆመ ሰው የሚሰጠው መልስ ይለያያል። ስለዚህ የጥሪ ካርዱን በሰው እጅ አትላኪላቸው፤ ሁለታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። «አልመጣም» ቢሉም ካርዱን መልሰሽ አትውሰጂው፤ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጪው።