የቢሮ ሲስተም ላይ አማርኛው ሲጣበብ

ሰላም እህቴ። የቢሮሽ ሲስተም አማርኛውን አጣብቦና አሳንሶ ያሳያል፤ የሠሩት ሰዎች ደግሞ ዛሬ ነገ ይላሉ። የድረ ገጽን መልክ በሚወስነው ቋንቋ፣ በሲኤስኤስ፣ ራሴ ላስተካክለው እችላለሁ ወይ ብለሻል። ትችያለሽ። እኔም አራት ኪሎ ያለው ቢሯችን ውስጥ የምሠራው እንደዚያ ነው።

ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ላይ ስታይለስ የሚባለውን ኤክስቴንሽን ጫኚ፤ ድረ ገጾች ላይ የራስሽን ስታይል፣ ማለትም የመልክ ትእዛዝ፣ የሚያስጽፍሽ ነው። የምትጽፊው ስታይል በሲስተሙ አድራሻ ላይ ብቻ እንዲሠራ አድርጊ። አለዚያ ኢሜይልሽም አብሮ መልኩን ይቀይራል። ሰርቨሩን የሚነካው ነገር የለም፤ ለውጡ የሚታየው ያንቺ ብራውዘር ላይ ነው።

አሁን እኔ ጉድ የሆንኩበትን ልንገርሽ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የፊደላችንን ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ ጫንኩና «ሁሉንም» በምትለው በኮከብ ምልክት (*) ገጹ ላይ ያለውን ሁሉ ወደሱ ቀየርኩ። ሌላ ትእዛዝ እንዳያሸንፈው የሚያደርገውን ኢምፖርታንትንም ደረብኩበት። ፊደሉ አማረ! ግን የፕሪንትና የሴቭ ምልክቶች ባዶ ሳጥን ሆነው ቁጭ አሉ። ስታይሉን የሰጠኋት ገንዘብ ያዥ ባለጉዳይ ፊቷ ተሰልፎ «ፕሪንት የት ገባ?» ብላ ደወለች። ለካ ምልክቶቹ ሥዕል አይደሉም፣ እነሱም ፎንት ናቸው። ፎንታቸውን ስነጥቃቸው ምን ይሁኑ?

ስለዚህ ኮከቧን ተያት። የገጹን ዋና አካል ቦዲን፣ የሰንጠረዡን ሴሎች፣ መጻፊያ ሳጥኑን ኢንፑትንና የሚጫኑትን ቁልፍ በተንን በየስማቸው ጥሪ። ኢንፑትና በተን ካልነገርሻቸው የቦዲን ፎንት አይወርሱም። እንግሊዝኛው እንደነበረ ይቆይ ካልሽ ፎንት በሚታወጅበት በፎንት ፌስ ውስጥ ፎንቱ ለየትኞቹ ፊደላት እንደሚሠራ የሚወስን ዩኒኮድ ሬንጅ የሚባል አለ፤ ከ1200 እስከ 137ኤፍ ብለሽ ስጪው፣ ፊደላችን እዚያ ነው ያለው። መጠኑን ከማሳደግሽ በፊት ግን የመስመሮቹን ቁመት፣ ላይን ሃይቱን፣ ወደ 1.6 አድርሺውና እዪው። ብዙ ጊዜ ዓይን የሚያደክመው የመስመሮቹ መደራረብ ነው።

የጻፍሽው አልሠራ ካለ ጽሑፉ ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ ኢንስፔክት በዪ። ያንቺ መስመር ተሰርዞ ካየሽው ሌላ አሸንፎታል ማለት ነው። ይበልጥ ለይቶ የሚጠራው ያሸንፋል፤ እኩል ከሆኑ ደግሞ ኋላ የተጻፈው። ኢምፖርታንትን እኔ የምጠቀመው የሠሪዎቹ ስታይል የገጹ ክፍል (ኤለመንት) ላይ በቀጥታ ሲጻፍ ብቻ ነው። ለገጹ ክፍሎች የተሰጡትን ዝብርቅርቅ ፊደል ያላቸውን የክላስ ስሞች ደግሞ አትመኛቸው፣ ሲስተሙ ሲታደስ ይቀየራሉ። ክፍሉ አይዲ፣ ማለትም የብቻው መለያ ስም፣ ካለው በአይዲው ያዢው።

አንድ ነገር ከተበላሸ ወደ ሠሪዎቹ ከመደወልሽ በፊት ስታይለስን አጥፍተሽ እዪ። እኔ ጮኼባቸው ጥፋቱ የኔ ሆኖ ተገኝቷል።

ካልሆነልሽ ላፕቶፕሽን ይዘሽ ነይ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ አራት ኪሎ አለሁ። ማኪያቶው ባንቺ ነው።