አማርቲያ ሴንን ለምታነቡ የወሎ ልጆች

ልጆቼ፣ ኢኮኖሚክስ የምታጠኑ ሁሉ የሕንዳዊውን የኢኮኖሚክስ ሊቅ የሴንን ስም ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ርሃብ ያሳተመውን መጽሐፍ ግን ራሳችሁ አንብቡት፤ ሰባተኛው ምዕራፍ የእኛን የ1965 ዓ.ም. ክፉ ቀን ይመረምራል። ሰው የሚራበው እህል ከአገር ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን እህል የሚያገኝበት መንገድ ሲዘጋበት ነው ይላል። በአገር ደረጃ ምርቱ የቀነሰው በመጠኑ ነበር፤ የደሴ ገበያም ያን ያህል አልናረም፤ ከወሎም እህል ወደ አዲስ አበባና አስመራ ወጥቷል።

ሐሳቡ የሚገባችሁ ስታሰሉት ነው። የባቲን የሰኞ ገበያ አስቡ። ፍየል 6,000 ብር፣ ማሽላ በኩንታል 6,000 ብር ቢሆን አንድ ፍየል 100 ኪሎ ይገዛል። ድርቅ ሲመጣ ሁሉም የከሳ ፍየሉን ይዞ ይወጣና ዋጋው ወደ 3,000 ይወርዳል፤ ማሽላው 7,500 ይገባል። አሁን ፍየሉ የሚገዛው 40 ኪሎ ነው። እህሉ የተወደደው በሩብ ነው፤ የአርብቶ አደሩ ቀለብ ግን ከግማሽ በላይ ጠፍቷል። የእህል ዋጋ ብቻ የሚከታተል ባለሙያ ይህን አያየውም።

የሴንን ተቺዎችም አትናቁ። የደሴ ዋጋ አለመናሩ የገጠሩን ሁኔታ አያሳይም፤ እርሻው የከሸፈበት ገበሬ ምን ይዞ ገበያ ይወጣል? ወሎ ውስጥ ምርቱ ክፉኛ መውደቁን ሴንም አልካደም። የሴን ሐሳብ የሚቸገረው የመንገዱ ርቀት ሲመዘን ነው፤ ከአስፋልቱ ርቆ ላለው ቀበሌ እህል በአህያ ጭኖ ማድረስ ራሱ ሌላ ዋጋ አለው። የእኔ ሚዛን ወደ ሴን ያደላል፣ እዚህ ላይ ግን ተቺዎቹ ልክ ናቸው።

አምስተኛውን ምዕራፍ ሳታነቡ ወደ ሰባተኛው አትለፉ። ንድፈ ሐሳቡ የማይደርስበትን ቦታ ሴን ራሱ እዚያ ዘርዝሮታል፦ ዘረፋ፣ ወረርሽኝ፣ ንብረቱን ከመሸጥ መራብን የሚመርጥ ሰው። የወሎ ገበሬ ጥማድ በሬውንና ዘሩን እስከ መጨረሻው የሚይዘው የሚቀጥለውን ክረምት አስቦ ነው። የ1977ቱን ርሃብ ስታጠኑ ደግሞ ጦርነቱን ጨምሩበት፤ በጉልበት የሚወሰድ እህል በገበያ ስሌት ውስጥ አይገባም።

ከዚያ ደብተር ይዛችሁ ገበያ ውጡ። በየሳምንቱ የፍየል፣ የበሬ፣ የማሽላና የቀን ሥራ ዋጋ መዝግቡ፤ የፍየሉን፣ የበሬውንና የቀን ሥራውን ዋጋ በአንድ ኪሎ ማሽላ ዋጋ እያካፈላችሁ ወደ ኪሎ ለውጡ። የምትመዘግቡት ሁልጊዜ ረፋድ ላይ ይሁን። አመሻሽ ላይ ከብቱን መልሶ መንዳት የከበደው ባለቤት ባገኘው ዋጋ ስለሚሸጥ፣ የጠዋትና የማታ ዋጋ ከተቀላቀለ ስሌቱ ይበላሻል።