ለታሰረ ወንድሜ ስንቅ ማመላለስ ሽብርን መርዳት ነው?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ መምህር ነው። ደመወዝ ዘግይቶ የትምህርት ቤቱ መምህራን ሥራ ባቆሙበት ሰሞን ተያዘ። ስለ አድማው ፌስቡክ ላይ ጽፎ ነበር። «በሽብር ተጠርጥረሃል» ተባለ። ፍርድ ቤቱ ሁለት ጊዜ የ14 ቀን ቀጠሮ ሰጥቷል። እኔ በየቀኑ ስንቅ አመላልሳለሁ። አንድ የምናውቀው ሰው «ተይው፣ ሽብርተኛ ደግፋለች ብለው አንቺንም ይይዙሻል» አለኝ። የፀረ ሽብር ሕጉ ተሻሽሏል ሲባል ሰምቼ ነበር። ታዲያ ምኑ ነው የተሻሻለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሚያስጨንቅዎ ልጀምር። ስንቁን አያቋርጡ።

አሁን የሚሠራው ሕግ አዋጅ ቁጥር 1176/2012 ነው። አንቀጽ 9 ሽብርን መርዳትን ወንጀል ያደርጋል። ግን እዚያው ላይ በሕግ የመርዳት ግዴታ ያለበት ሰው ግዴታውን በመወጣቱ ብቻ እንደማይቀጣ ተጽፏል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ቀለብ የመስጠት ግዴታ በወንድምና በእህት መካከልም እንዳለ ይናገራል። እውነቱን ለመናገር ያን ያህል ርቀን መሄድም አያስፈልገንም። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ላለ ሰው ምሳ ማድረስ የትኛውን የሽብር ድርጊት እንደሚያግዝ ለእኔ አይታየኝም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 21 ለታሰረ ሰው በዘመድ፣ በጓደኛ፣ በሐኪም፣ በሃይማኖት አባትና በጠበቃ የመጎብኘት መብት ሰጥቶታል። ሰውዬው ለእርስዎ አስቦ ይሆናል። የተናገረው ግን ሕግ አይደለም።

ወደ ማሻሻያው ልምጣ። የድሮው አዋጅ ቁጥር 652/2001 ነበር። ጋዜጠኞችና ጦማሪዎች የተከሰሱበት፣ እስክንድር ነጋ 18 ዓመት የተፈረደበት ሕግ ማለት ነው። በዚያ ሕግ አንድ የምርመራ ቀጠሮ ከ28 ቀን ማነስ አይችልም ነበር። ልብ ይበሉ፣ «አይበልጥም» ሳይሆን «አያንስም» ነው የሚለው። ዳኛው 10 ቀን ይበቃል ብሎ ቢያምን እንኳ እጁ ታስሯል። ጠቅላላው እስከ 4 ወር ይሄድ ነበር። ጽሑፍን በተመለከተ ደግሞ አንባቢው «ቀጥተኛ ባልሆነ መንገድ ሽብርን ያበረታታል» ብሎ ሊረዳው የሚችል ነገር ያወጣ ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ይቀጣ ነበር። እንግዲህ አንባቢ ምን ብሎ እንደሚረዳ ማን ያውቃል?

ለወንድምዎ ትልቁ ለውጥ ያለው በአዲሱ አዋጅ አንቀጽ 4 ነው። የሕዝብ አገልግሎት መስተጓጎል ከሥራ ማቆም የመጣና ከአድመኞቹ ተቋም ወይም ሙያ ጋር የተያያዘ ከሆነ ሽብር አይደለም ይላል። ሰላማዊ ሰልፍና ስብሰባም እንደዚሁ። መምህር በደመወዙ ጉዳይ በራሱ ትምህርት ቤት ሥራ ቢያቆም ከዚህ የበለጠ ልክክ የሚል ምሳሌ ከየት ይመጣል? መዝገቡን ስላላየሁ ፖሊስ ሌላ ምን እንደያዘ መናገር አልችልም። ጥርጣሬው አድማው ብቻ ከሆነ ግን ጠበቃው አንቀጽ 4ን በመጀመሪያው ደቂቃ ማንሳት አለበት። ክስ እስኪመጣ አይጠብቅ፤ ለቀጣዩ ቀጠሮ ያድርሰው።

ፌስቡክ ላይ የጻፈውን በተመለከተ የአሁኑ ሕግ የሚጠይቀው ማነሳሳትን ነው። «ደመወዛችን ይከፈለን» ማለት በአዋጁ አንቀጽ 3 በሽብርነት ለተዘረዘሩት ድርጊቶች ሰው ማነሳሳት አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የሽብሩ ነገር አልያዝ ሲል መዝገቡ ወደ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ወደ 1185/2012፣ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ የጻፈውን እንዳለ፣ ከነቀኑና ከነአስተያየቱ፣ ኮፒ አድርገው ያስቀምጡ። ምንም አይጥፋ፤ እንዳታጠፉትም።

ተሻሽሎ አልቋል ወይ ካሉኝ፣ አላለቀም። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ውሳኔ 1566 ያወገዘው ለመግደል፣ ከባድ ጉዳት ለማድረስ ወይም ሰው ለማገት ታስበው የሚፈጸሙ ድርጊቶችን ነው። የእኛ አዋጅ ንብረት ማውደምንና አገልግሎት ማስተጓጎልንም ይጨምራል። አንቀጽ 4 ያስፈለገውም በሩ መጀመሪያ ሰፍቶ ስለተከፈተ ይመስለኛል። የሞት ቅጣትም አለ። ድርጅትን «ሽብርተኛ» ብሎ የሚሰይመውም ፍርድ ቤት ሳይሆን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሕወሓትን በሚያዝያ 2013 ሰየመ፣ በመጋቢት 2015 ሰረዘ። ስያሜው ትክክል ነበር አልነበረም ወደሚለው አልገባም። እኔን የሚያሳስበኝ መሃል ላይ ያለው ሰው ነው። በፖለቲካ ውሳኔ በሚመጣና በሚሄድ ስም ምክንያት «ግንኙነት አለህ» ተብሎ ሲያዝ ማስረጃውን የሚመዝን ዳኛ ያስፈልገዋል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠበቃው ሦስት ነገር ይጠይቅ። ባለፉት 28 ቀናት ምን ተሠራ? ምን ቀረ? የቀረውን ለመሥራት ወንድምዎ ታስሮ መቆየቱ ለምን አስፈለገ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ተጨማሪ ጊዜ የሚሰጠው ለምርመራው የግድ በሚያስፈልግ መጠን ብቻ ነው ይላል። «ምስክር ይቀረናል» የሚለው መልስ ሁለት ጊዜ ከተደጋገመ ስንት ምስክር እንደሆነ ይጠየቅ፣ መልሱም መዝገብ ላይ ይስፈር። ዋስትናም በዚያው ይጠየቅ። ቢከለከል ይግባኝ አለ።

እርስዎ ደግሞ አንድ ትንሽ ደብተር ይያዙ። ስንቅ ያስገቡበትን ቀንና ሰዓት ይጻፉበት። አንድ ቀን «ዛሬ አይገባም» ካሏችሁ ያንንም፣ ከነምክንያቱ። ለጠበቃው ይስጡትና ለዳኛው ያንብበው።