ፒኤችፒን ልማር ወይስ ልተወው ለምትሉ የድሬ ልጆች

«ጋሼ፣ ፒኤችፒ አላረጀም እንዴ? አሁን ምን ብዬ ልማረው?» አለኝ አንድ የከዚራ ልጅ። አርጅቷል፤ ዌብሳይት የሚሠራበትን ይህን የፕሮግራም ቋንቋ ራስመስ ሌርዶርፍ ለሕዝብ የለቀቀው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። አዲስ ሥራ የሚጀምር ወጣት ጃቫስክሪፕት ወይም ፓይተን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ግን ዌብሳይት መሥሪያው ዎርድፕረስም ዊኪፒዲያም የተሠሩት በሱ ነው። አንድ ሆቴል «ዌብሳይታችን አልከፍት አለ» ብሎ ሲጠራችሁም ብዙ ጊዜ የምታገኙት እሱኑ ነው።

እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ፒኤችፒ 7 ሲመጣ የሆነው ነው። በ2015 መጨረሻ ሲወጣ ከማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኙትን የድሮዎቹን ፈንክሽኖች (ዝግጁ ትእዛዞች) ጭራሽ አስወጣቸው። በፒኤችፒ 5.5 ላይ «ይቀራሉ» ተብሎ ነበር፤ ማን ሰምቶ! ዌብሳይቱን የሚያኖረው ሆስቲንግ ድርጅት ሰርቨሩን ባሳደገ ማግስት ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። ብዙዎች በየፈንክሽኑ ስም ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል «አይ» ጨምረው ተገላገልን አሉ። የት ይሆናል! በድሮው ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የሚላከው ትእዛዝ) ይቀድም ነበር፤ በአዲሱ የሚቀድመው ኮኔክሽኑ (ከዳታቤዙ ጋር ያለው ግንኙነት) ነው። ቦታቸው ካልተለዋወጠ አይሠራም።

የባሰው አማርኛው ነው። የድሮው ኮኔክሽን ፊደል የሚመዘግበው ለአማርኛ በማይሆነው በላቲን1 ስለነበር ፊደላችን ተዛብቶ ይገባና ተዛብቶ ስለሚወጣ፣ ስክሪን ላይ ልክ ይመስል ነበር። ኮኔክሽኑ የግእዝን ፊደል ወደሚያውቀው ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ሲዞር ጉዱ ወጣ። አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ነውና እያንዳንዱ ፊደል ሦስት እንግዳ ምልክት ሆኖ ተዘረገፈ፤ ስንቱ የአማርኛ ጽሑፍ በዚህ ሰበብ ተጣለ! ግን ይድን ነበር። ባክአፕ ይዛችሁ ዳታውን በላቲን1 አውጡት፤ በፋይሉ ላይ ያለውን የላቲን1 ስያሜ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቀይሩና በአዲስ ዳታቤዝ መልሳችሁ አስገቡት። ዳታቤዙ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ብቻ ካገኛችሁ አትልፉ፤ ፊደሉ ገና ሲገባ ጠፍቷል።

እናንተ የፒኤችፒን ማዕቀፍ (ፍሬምወርክ) ላራቬልን ጨርሳችሁ፣ ብሮውዘሩ ለሰርቨሩ ምን እንደላከ ስትጠየቁ ዝም ትላላችሁ። እሱ ያናድደኛል። ፍጥነታችሁን ግን እኛ አልነበረንም፤ እንግዲያው ከላራቬልም ብትጀምሩ ግድ የለኝም፣ ብቻ በፒኤችፒ 8 ጀምሩ። የድሮ ኮድ ስትረከቡ መጀመሪያ የጽሑፍ ርዝመት የሚቆጥረው ስትርሌንና ጽሑፍ የሚቆርጠው ሰብስትር ያሉበትን ፈልጉ። ስትርሌን «ድሬዳዋ»ን 12 ብሎ ይቆጥራል፤ ከስሙ ፊት «ኤምቢ» ያለበት ግን 4 ይላል። ዌብሳይት ላይ አጥሮ በሚወጣ ዜና መጨረሻ ላይ የተሰበረ ፊደል የሚታየውም ሰብስትር ፊደሉን በባይቶቹ መሀል ስለሚቆርጠው ነው።