ሄጄ ልማር ወይስ ሄጄ ልሥራ?

ጤና ይስጥልኝ፣

አውሮፓ ውስጥ ባለ ዩኒቨርሲቲ የ3ኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለሚመጣው ሴሚስተር ኤራስመስ ፕላስ በሚባለው የአውሮፓ የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም ሌላ አገር ሄጄ እንድማር ተመርጫለሁ። ደስታዬ ግን ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም። አንድ አስተማሪዬ «ሴሚስተር ከምታባክኚ ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) ፈልጊ፤ ቀጣሪ የሚያየው ሥራ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ አምና ሄዳ የተመለሰች ጓደኛዬ የደረሰባትን ነገረችኝ። 30 ክሬዲት ተምራ መጥታ 12ቱ አልተያዘላትም። ከመረጠቻቸው ኮርሶች ሁለቱ እዚያ ስትደርስ ተሰርዘው ስለነበር በምትካቸው ሌላ ወሰደች። የራሷ ዩኒቨርሲቲ «በእነዚህ አልተስማማንም» አላት። ምረቃዋ ተገፋ።

እውነቱን ለመናገር ሌላም ነገር አለ። ዝምተኛ ነኝ። እዚህ ጓደኛ ለማፍራት እንኳ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። የማረጋገጫው ቅጽ ላፕቶፔ ላይ ከተከፈተ አራት ቀን ሆነው። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው። ብተወው ይሻል ይሆን?

ዓርብን የምትፈራ

*

እህቴ፣

ከአስተማሪሽ ልጀምር። ቀጣሪ ሥራ ያያል ማለቱ ልክ ነው። ግን ሁለቱ ዕድሎች እኩል አይጠብቁሽም። የልውውጥ ትምህርት ተማሪ እስከሆንሽ ድረስ ብቻ ነው፤ ከተመረቅሽ አበቃ። ኢንተርንሺፑን ግን በዚያው በኤራስመስ ፕላስ ከተመረቅሽ በኋላም መሥራት ትችያለሽ፣ በ12 ወር ውስጥ እስከጨረስሽው ድረስ። ወጥመዱ ምን መሰለሽ? ማመልከትና መመረጥ ያለብሽ ተማሪ ሳለሽ፣ በመጨረሻው ዓመትሽ ነው። ድግሪውን ተቀብሎ በር የሚያንኳኳ ሰው አርፍዷል።

ሒሳቡም ያስኬዳል። ለመጀመሪያ ድግሪ በጠቅላላው 12 ወር አለሽ። ትምህርቱም ልምምዱም ከዚያው ይቀነሳል። አምስት ወር ብትማሪ ሰባት ይተርፍሻል፤ ኢንተርንሺፕ ደግሞ ከሁለት ወር ጀምሮ ይቻላል። ስለዚህ ከጥያቄሽ ላይ «ወይስ»ን አውጪው።

የጓደኛሽ ነገር ግን የምር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከመሄድሽ በፊት ሌርኒንግ አግሪመንት የሚባል ስምምነት ትሞያለሽ። ሦስት ፊርማ አለው፦ ያንቺ፣ የላኪው ዩኒቨርሲቲና የተቀባዩ። ውስጡ ሁለት ሠንጠረዥ ታገኛለሽ። ሠንጠረዥ ኤ እዚያ የምትማሪያቸውን ኮርሶች ይይዛል። ሠንጠረዥ ቢ ደግሞ እነሱ እዚህ በምን ምትክ እንደሚያዙልሽ ይናገራል። ተማሪው ሁሉ ኤ ላይ ሲጨነቅ ይውላል፤ ምረቃሽን የሚወስነው ግን ቢ ነው። ቢ ላይ የተጻፈውንና ያለፍሽውን ዩኒቨርሲቲሽ ሊይዝልሽ ይገባል። ያልተጻፈው ልመና ነው።

ኮርስ መሰረዙ ያለ ነገር ነው። ለዚያም ተብሎ ስምምነቱ እዚያ ከደረስሽ በኋላ የሚሞላ የለውጥ ክፍል አለው። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ሴሚስተሩ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠየቅ አለብሽ፣ ሦስቱም ወገን እንደገና መፈረም አለበት። እንደነገርሽኝ ከሆነ ጓደኛሽ ኮርሱን ቀየረች እንጂ ወረቀቱን አልቀየረችም። አንቺ ከአሁኑ ሁለት ተጠባባቂ ኮርሶች ያዢ፤ እነሱንም በዩኒቨርሲቲሽ ያለው የልውውጥ አስተባባሪሽ ይያቸው። በምን ቋንቋ እንደሚሰጡም አረጋግጪ፤ የኮርሱ ስም በእንግሊዝኛ ተጻፈ ማለት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ማለት አይደለም።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ስለነደደኝ ነው። እኔ በተማሪነቴ «ችግር የለም፣ ስትመለሺ እናስተካክላለን» የሚል የቃል ተስፋ ይዤ ሄድኩ። ስመለስ ተስፋ የሰጠኝ ሰውዬ ሥራ ለቋል።

ስለ ገንዘብ ባትጠይቂም፦ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅሽም። ድጎማው ግን መደጎሚያ እንጂ ሙሉ ወጪ መሸፈኛ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም የተወሰነው የሚለቀቀው ስትመለሺ ነው። መጠባበቂያ ያዢ።

ዝምተኛ ነኝ ላልሽው፣ «ሂጂና ተጫዋች ትሆኛለሽ» ብዬ አልዋሽሽም። ግን እንደ እኔ እንደ እኔ ዝምተኛ ሰው ከኢንተርንሺፕ በፊት ሴሚስተሩ ይሻለዋል። ቢሮ ስትገቢ እንግዳዋ አንቺ ብቻ ልትሆኚ ትችያለሽ፤ ሌላው ምሳውን የሚበላው ከለመደው ሰው ጋር ነው። የልውውጥ ተማሪዎች ግን አንድ ሰሞን ነው የሚደርሱት፣ ሁሉም ባይተዋር ሆኖ። የመጀመሪያዋ እሑዴ ትዝ ትለኛለች። ማደሪያው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ፊት፣ የማላነበውን ቋንቋ አፍጥጬ እያየሁ ቆሜያለሁ። አንዲት ልጅ ቅርጫቷን ታቅፋ መጣችና «አንቺም አልገባሽም?» አለችኝ። አንዱን ቁልፍ በግምት ተጫንነው። ነጭ ሸሚዜ ሮዝ ሆኖ ወጣ። ልጅቷ እስከዛሬ ትደውልልኛለች።

አሁን ወደ ዓርብሽ። ዛሬውኑ ለአስተባባሪሽ አጭር ኢሜይል ጻፊ፦ «እዚያ ደርሼ ኮርስ ቢሰረዝብኝ ለውጡን ከዚህ በኩል የሚፈርምልኝ ማን ነው? በስንት ቀን ውስጥ?» ስምና ቀን ያለው መልስ ከመጣልሽ ቅጹን ላኪው። እስከ ረቡዕ ማታ ዝም ካሉሽ ሐሙስ ጠዋት ቢሯቸው በር ላይ ተገኚ፤ ላፕቶፕሽንም ይዘሽ ሂጂ፣ ሠንጠረዥ ቢ ተከፍቶ።